ላይማን ፌትሮ የረገጠው ጫማ

ኦርቪል ስታውፈር በጫማ ነገር ቀልድ አያውቅም ነበር። በሌላው ሁሉ ገር ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የወተት ቦቴ እየነዳ በኮረብታው መሃል ያሉትን እርሻዎች ሲዞር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ስሙን በክፉ ያነሳ አንድ ገበሬ አልነበረም። በየበጋው ግን የድሮውን የሰሜንና የደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት ለትርኢት ሜዳ ላይ መልሰው ከሚዋጉት ሰዎች ጋር የሰሜኖቹን ሰማያዊ ኮት ለብሶ ሲሰለፍ፣ ያ ገርነቱ ከቦቴው ጋር ቤት ይቀራል።

የኦርቪል ቡድን አንድ ልማድ አለው። ሰልፉ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም፣ ሐኪሙም መምህሩም፣ እግሩን ወደ ኋላ አጥፎ እንደ ፈረስ ያነሳል። ኦርቪል በኋላቸው እያለፈ ሶሉን ያያል። የእንጨት ምስማሮቹ በእጅ የተመቱ መሆናቸውን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፣ ስፌቱን ያያል፣ ቆዳውን ያሸታል። ላስቲክ ካገኘ አለቀ፤ ያ ሰው የዚያን ቀን ተኩስ የለውም፣ ውሃ ይቀዳል።

«ሻጩ ትክክለኛ ነው ብሎኝ እኮ ነው የገዛሁት» አለው አንድ ጊዜ አንድ አዲስ የጥርስ ሐኪም።

«ትክክለኛማ ነው» አለ ኦርቪል የሰውየውን ቁርጭምጭሚት እንደያዘ። «ለፖስተኛ።»

አስር አለቃው ገስ ፔንሮዝ፣ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛው የሆነ ወፍራም ሰው፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የጥርስ ሐኪሙ ባልዲውን አነሳ።

ሌላም ልማድ አላቸው፤ ይሄኛው ለቀልድ አይመችም። እያንዳንዱ ሰው ከአገሩ ልጆች መሃል በዚያ ጦርነት የሞተ አንድ ወታደር ይይዛል፤ ስም ሲጠራ በሟቹ ስም «አቤት» ይላል። ኦርቪል የያዘው ላይማን ፌትሮ የሚባል የገበሬ ልጅ ነበር። ላይማን ስንዴ መሃል ወደቀ፤ ጓደኞቹ ጫማውን ከእግሩ አውጥተው ለእናቱ ላኩላት። እናቱ ማንም እንዲያጠልቀው አልፈቀደችም። ዛሬ ጫማው በከተማችን ትንሽ ሙዚየም በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። የግራው ሶል በውጭ በኩል ተበልቷል፣ የቀኙ አፍንጫ ወደ ውስጥ ዞሯል። እኔም ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ደስ አይልም።

ኦርቪል ሚስት አለችው፤ ቬልማ ትባላለች። ዓይኗ ቀስ በቀስ ሲደክም ቆይቶ አሁን የመስኮቱን ብርሃን ብቻ ነው የምታየው። ይሁን እንጂ በዚያ ቤት «ማነው?» የሚባል ጥያቄ አልነበረም። የኦርቪል ቀኝ ተረከዝ ከበድ ብሎ ያርፋል፣ ግራው ቀለል ብሎ ይከተላል፣ ደፍ ላይ ሲደርስ ሸርተት ይላል። ቬልማ ወጥ ቤት ሆና ይህንን ሰምታ ብቻ ውሎውን ትነግረዋለች። «ዛሬ ከገስ ጋር ተጨቃጭቀሃል» ትለዋለች፣ ገና ኮፍያውን ሳያወልቅ። አትስትም ነበር። ጨለማው እንዳይበላት ያደረጋት ያ እርምጃ ነው፤ ኦርቪልም ይህን ያውቃል፣ ለዚህም ቤት ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ አይሄድም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ኑሮ ያለው ሰው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ገባ። ገበያ ላይ ካለው ጫማ አንዱም አልጥመው አለ። አንዱ ስፌቱ የማሽን ነው፣ ሌላው ቆዳው ለሴት ቦርሳ የሚሆን ነው። በመጨረሻ ታቢታ ራውች ዘንድ ሄደ። ታቢታ የድሮ ጎተራ ውስጥ ተቀምጣ የጥንት ጫማ የምትሠራ፣ ጣቶቿ በሰም የጠቆሩ ሴት ናት። የላይማንን ጫማ አምሳያ እንድትሠራለት ጠየቃት፤ እንድትለካውም ሙዚየሙ ፈቀደላት።

«አዲስ አድርጌ ልሥራልዎ፣ ወይስ እንዳለ?» ብላ ጠየቀችው።

«እንዳለ ማለት?»

«እሱ እንደረገጠው።»

አእምሮ ያለው ሰው «አዲስ» ይላል። ኦርቪል ግን ሶል እያየ ሰው ሲያሳፍር የኖረ ሰው ነው፤ ከሱ በላይ ትክክለኛ ጫማ ማን ሊያጠልቅ? «እንዳለ» አለ።

ታቢታ ወስፌዋን አስቀመጠች። «ጫማ እግርን ሲከተል ነው ደግ። እግር ጫማን ሲከተል…»

«አንቺ ሥሪልኝ፣ እግሩ የኔ ነው።»

ሠራችለት። በወጉ መሠረት ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረው፣ እርጥቡን አጠለቀው፣ በእግሩ ላይ እስኪደርቅ ድረስ በወንዙ መንገድ ተራመደ። ማንኛውም አዲስ ጫማ እንዲህ ሲደረግ የባለቤቱን እግር ቅርጽ ይይዛል። ይሄኛው አልያዘም። ግራ እግሩን ወደ ውጭ ገፋው፣ ቀኙን ወደ ውስጥ መለሰው፣ ኦርቪል ጥርሱን ነክሶ ቤቱ ገባ። በየቀኑ ወጣ፣ በየቀኑ አመመው። ከዚያ አንድ ጠዋት ሕመሙ ጠፋ። ደስ አለው። መፍራት የነበረበት ያኔ ነበር።

በቀጣዩ ሰልፍ ላይ ሁሉም ዞረው አዩት። «ማን አስተማረህ እንዲህ መራመድ?» አለ ገስ።

«ምን አድርጌ?»

«እንጃ። እንደ ልጅ ነው የምትሄደው። እንደ ገበሬ ልጅ፣ ማረሻ ተከትሎ እንዳደገ።» ገስ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ስም ሲጠራና ኦርቪል «አቤት» ሲል፣ ከጎኑ የቆመው የጥርስ ሐኪም ሳያስበው ትንሽ ራቅ አለ። ኦርቪል ግን ኩራት ብቻ ነበር የተሰማው።

ቤቱ ሲደርስ ጫማውን በረንዳ ላይ አውልቆ በካልሲ ገባ። ቬልማ ፖም እየላጠች ነበር፤ ቢላዋዋ ቆመ።

«ማነው?» አለች።

ኦርቪል ሳቀ። «ማን ይሆናል? እኔ ነኝ እንጂ።»

«ድምፁ ያንተ ነው።» ፊቷን ወደ ወለሉ አዘነበለች። «እስቲ ተራመድ።»

ተራመደ። ቬልማ ቢላዋዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ኦርቪል፣ ሰው ይዘህ ገብተሃል?»

እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ካልሲውን አወለቀ፤ እግሮቹ የሱው ናቸው፣ የድሮው ጠባሳም እንዳለ ነው። በማግስቱ የድሮ የሥራ ቡቱን አጠለቀ። ቬልማ አሁንም «ማነው?» አለች። ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ሐኪሙ እግሩን አገላብጦ «ጤነኛ ነዎት» ብሎ ሸኘው። በሦስተኛው ቀን ጫማውን ጓሮ ባለው በርሜል ውስጥ አቃጠለው። ሽታው በልብሳቸው ላይ ሰነበተ፣ እርምጃው ግን አልተመለሰም።

ሊያስታውሰው ሞከረ። ግን ሰው ስሙን ያውቃል፣ ፊቱን በመስታወት ያያል፤ አረማመዱን የሚያውቀው አብሮት የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ ቬልማን ለመናት። እሷም ጠረጴዛው ላይ በጣቶቿ መታችለት፤ አንዱን ከበድ፣ አንዱን ቀለል፣ መጨረሻ ላይ መዳፏን ሸርተት። እሱ በኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ሊከተላት ታገለ።

«አይደለም» ትላለች። «እንደገና።»

«አሁንስ?»

«አሁን ደግሞ እሱ አንተን ሲያስመስል ነው የሚመስለው።»

ቬልማ እጇን ከጠረጴዛው አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች፣ አለቀሰችም። ኦርቪል ቢጠጋት እርምጃው ያስደነግጣታል፣ ባይጠጋት ብቻዋን ናት። ከዚያ ወዲህ ክፍል በገባ ቁጥር ከሩቅ «እኔ ነኝ» ማለት ጀመረ። እሷም «እሺ» ትላለች፣ ለእንግዳ እንደሚባለው። ሲተኙ ፊቱን በእጇ ዳስሳ ካረጋገጠች በኋላ ነው ጀርባዋን የምትሰጠው። ይሄ ከሁሉ በላይ አሳፈረው፤ ሌሊት ውሃ ቢጠማው እንኳ አይነሳም ነበር።

ቅጠሉ ረግፎ ባለቀበት ሰሞን፣ አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ኦርቪል ወጥ ቤት ተቀምጦ ነበር። በልቶ ከጨረሰ ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። ቬልማ ከፊቱ ቆማ ፎጣ ታጥፋለች። ድንገት ቀና አለች፣ ፊቷም በራ። ከስንት ጊዜ ወዲህ አይቶት የማያውቀው ፈገግታ ነበር።

«መጣህ» አለች፣ ወደ በረንዳው ዞራ።

«ቬልማ፣ እዚህ ነኝ» አለ ኦርቪል።

እጇን አንስታ ዝም አሰኘችው። «ስማ እንጂ። አጥሩን አልፏል።»

እሱ ምንም አልሰማም። ከዚያ የበረንዳው ጣውላ ተጫነ። ከበድ፣ ቀለል፣ ከበድ፣ ቀለል። ጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ ሲመቱት የነበረው ያ ነው። ደፉ ላይ ሲደርስ ሸርተት አለና ቆመ።

ቬልማ ፎጣውን ጥላ ግድግዳ ሳትዳስስ ሄደች። ሊይዛት ፈለገ። ግን ቢነሳ፣ ከኋላዋ ሲመጣ የምትሰማው የላይማን ፌትሮን እግር ነው፤ በፍርሃት ወዴት እንደምትሮጥ ያውቃል። እግሮቹን ወንበሩ ሥር ሰብስቦ ቀረ።

በሩን ከፈተችው።

«ግባ» አለች። «ምን አቆየህ?»