ኪኒን ለብቻ አይዋጥም

ነርስ ሆኜ አሰላ ስመደብ አምስቱን ትክክል እንደ ውዳሴ ማርያም ሸምድጃቸው ነበር፦ ትክክለኛ ሕመምተኛ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድ፣ ትክክለኛ ሰዓት። ከጎጃም ይዣቸው የመጣሁት እነዚህን አምስቱንና አንድ ወፍራም ሹራብ ነው። በዚያ ብርድ ይበልጥ የጠቀመኝ ሹራቡ ነው።

በሴቶች ክፍል ከጮሌ ወረዳ የመጡ አንዲት እናት ተኝተው ነበር። ልባቸው ደክሞ፣ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸዋል። ጠዋት ሁለት፣ ከምሳ በኋላ ሁለት፣ ውሃ የሚያስወጣ ኪኒን ታዘዘላቸው። እኔ መዳፋቸው ላይ አስቀምጥና ወደሚቀጥለው አልጋ እሮጣለሁ። ፊርማውማ ገና መድኃኒት ማደል ሳልጀምር ጠረጴዛ ላይ አልቋል፤ ለክፍሉ በሙሉ «ወስደዋል» ብዬ በአንድ ትንፋሽ እፈርማለሁ። ቀልጣፋ ይሉኝ ነበር፤ እኔም አመንኩ።

በአራተኛው ቀን ሚዛን ላይ ሲወጡ አንድ ኪሎ እንኳ አልቀነሱም። ሐኪሙ የፈረምኩበትን ቅጽ አየና፣ «በሥርዓቱ እየወሰዱ ነው፤ መጠኑ አንሷቸዋል። ከነገ ጀምሮ እጥፍ ይሁን» አለ። እኔም እንደ አዋቂ ራሴን ነቀነቅኩ።

በጎናቸው የተኛችው፣ ከዲክሲስ የመጣች ልጅ ደግሞ ሳንባ ምች ይዟት የገባች ናት። የታዘዘላት መርፌ ብቻ ነው። እሷ ግን ከሽንት ቤት አልወጣ አለች። «አንቺ፣ ተከራየሽው እንዴ?» እያልኩ እቀልድባት ነበር። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በሩ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ከንፈሯ ደርቋል፤ የደም ግፊቷን ስለካው እጅግ ወርዷል። የምትሞት መስሎኝ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ሰው ነበር፣ ገና ባላውቀውም።

ፈሳሽ በደም ሥሯ እየገባላት ሳለ የጮሌዋ እናት ከአልጋቸው ቀና አሉ።

«ወይ ረቢ! ኢንተላ ኮ፣ ልጄን፣ ያ ኪኒን አነሳት እንዴ? አንድ አንድ ነው እኮ የምሰጣት።»

«ምን አሉ እማማ?»

«ለኔ ሁለት ትሰጪኛለሽ፣ እሷን መርፌ ብቻ ትወጊያታለሽ። ሰው እያየኝ ለብቻዬ ልዋጥ? ነውር አይደለም?»

ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «እናት ሲሰጡኝ እንዴት እምቢ ልበል?» አለች።

የክፍሉ ኃላፊ ቅጹን ይዛ መጣች። «ሲውጡ አይተሻል?» ስትለኝ አፌን ሳልከፍት አሮጊቷ ቀደሙኝ።

«አይታለች! እሷ ምን አጠፋች? እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

ጥፋቱንም ለብቻዬ እንዳልውጠው ሊካፈሉኝ ነው። አንጀቴን በሉት። ዝም ብል ኖሮ ያልፍልኝ ነበር።

«አላየሁም» አልኩ። «ሳይውጡ ነው የፈረምኩት።»

ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ደረሰኝ። እጥፍ ይሁን የተባለው ትእዛዝ ተሰረዘ። ልጅቷ ሲመሽ ተነሥታ ሾርባ ጠጣች፤ እኔም ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱን ኪኒን ሰጥቼ እዚያው ቆምኩ። እማማ ዋጡ፤ አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸውን አወጡልኝ። ከዚያ ፊታቸውን ከልጅቷ አልጋ አዞሩ።

«አፈርኩ» አሉኝ በቀስታ።

እኔም አፍሬ ነበር። ቆሜ ፈረምኩ።