የእትዬ ብርቄ ሃያ ስድስት ሰዓት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አያት ኮንዶሚኒየም ባለው ቤታችን ሽሮ እያማሰልኩ ሳለ ልጄ ቤዛ ከሳሎን ጮኸች። የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ መማር ከጀመረች ጥቂት ሳምንት ሆኗታል፤ ጩኸቱን ለምጄዋለሁ።

«እማ፣ ነይ እዪልኝ! በሚቀጥለው ዓመት መቶ ሰማንያ አንድ ዓመት ይሞላሻል ይለኛል!»

እጄን በሽርጤ እየጠረግኩ ሄጄ አየሁት። ዕድሜዋን አሥራ ስምንት ብላ አስገብታለች። ማሽኑ አንድ ደምሮ አሥራ ዘጠኝ ማለት ሲገባው፣ አንዷን ከጎን ለጥፎ 181 ብሎ ቁጭ ብሏል። እሷ ትስቃለች፤ የእኔ ግን ያረጀ ንዴቴ ብድግ አለ። ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ሽሮው እስኪያር ድረስ ቆሜ አየሁት።

ትምህርት በጨረስኩበት ጊዜ የምንኖረው ከእንጦጦ ግርጌ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነበር። ዘመኑ የኢሕአዴግ፣ ዓመቱ ደግሞ መብራት በፈረቃ የሚታደልበት ነው። የመልቀቂያ ፈተና ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝ አለ። አባቴ ከሆሳዕና መጥቶ አዲስ አበባ የከረመ አናጢ ነው፤ ወሬ አያበዛም።

«አስቴር፣ አንድ ኮርስ ተማሪ» አለኝ። «ሥራ ከተገኘበት እሰየው። ካልተገኘ አክስትሽ ሐዋሳ ለሱቋ ሰው ትፈልጋለች፤ እዚያ ትሄጃለሽ።»

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ቁርጡን ነው የነገረኝ። እኔ ግን ሱቅ ውስጥ ሳሙና ስሸጥ ማርጀቱ ገና ሳስበው ያንገሸግሸኝ ነበር። ስለዚህ ሾላ ገበያ አጠገብ አንድ ፎቅ ላይ ያለ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ገባሁ። ጠዋት ጠዋት ቁልቁለቱን በእግሬ እወርደዋለሁ። ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል፤ ሾላ ስደርስ ደግሞ ትኩስ ፓስቲ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሰጠኛል። ዘይቱ እጄ ላይ ስለሚቀር መምህሩ ኪቦርዱን ሳልታጠብ እንዳልነካ ያስጠነቅቀኝ ነበር። አለመታጠቤ የሚያስጨንቀው መብራት ቢኖር ነው።

አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም። ኮምፒውተሮቹ ዳንቴል ለብሰው እንደ ሙሽራ ተደርድረዋል፤ መምህር ታደለ ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በጠመኔ ያስተምረናል።

«ቫሪያብል ማለት ስም የተለጠፈበት ጣሳ ነው» ይላል፤ «ውስጡ ያለው ይቀያየራል። ፈንክሽን ደግሞ ወፍጮ ቤት ነው፤ እህል ትሰጡታላችሁ፣ ዱቄት ይመልስላችኋል። ኦፕሬተር የሚባሉት መደመርና መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ናቸው፤ እነሱን ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስለምታውቋቸው ጊዜ አናባክንም።»

ለዚህች የመጨረሻ ቃሉ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ማሠልጠኛው አንድ ደንብ ነበረው። የመመረቂያ ሥራችን ለእውነተኛ ሰው የሚጠቅም መሆን አለበት፤ ያ ሰው ራሱ መጥቶ በሁላችን ፊት ይሞክረዋል። ከሁሉ የበለጠ የሠራ ረዳት አሠልጣኝ ሆኖ ይቀጠራል። ለእኔ ያቺ ቦታ ማለት ሐዋሳ አለመሄድ ማለት ነበረች።

የመረጥኳቸው ሰው ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ናቸው። እንጦጦ መውጣት ለሚፈልጉ ፈረንጆች ፈረስ ያከራያሉ፤ ዘወትር ከእነሱ ጋር የሚጣሉት ደግሞ በሰዓት ነው።

«ሁለት ሰዓት ብዬ ቀጥሬው ኮርቻውን ጭኜ ብቆም ብቆም የለም» ይሉ ነበር። «ከምሳ በኋላ እየሳቀ ከች! እኔ በፀሐይ ስጠበስ እሱ ተኝቶ ኖሯል።»

የእሳቸው ሁለት የጠዋቱ ነው፤ የፈረንጁ ሁለት የእኛ ስምንት ነው። ስለዚህ ሁለት ፈንክሽን ጻፍኩ። አንዱ ፈረንጁ የሚጽፈውን ሰዓት ተቀብሎ ስድስት ይቀንስለታል፤ ሌላው የእትዬ ብርቄን ተቀብሎ ስድስት ይደምርላቸዋል። ፈረሶቹ የሚወጡት ጠዋት ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ስለነበር የቀረውን ሰዓት ጣጣ ተውኩት።

መብራት በመጣ ቀን የፈረንጁን ሞከርኩ። ስምንት ስል ሁለት አለኝ። ዘጠኝ ስል ሦስት አለኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ወደ እትዬ ብርቄው ልዞር ስል ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ጠፋ!» አለ። አልተከፋሁም፤ መቀነስ የሚችል ማሽን መደመር እንዴት ያቅተዋል? ሕፃን እንኳ ቀድሞ የሚያውቀው መደመርን ነው።

በሙከራው ቀን እትዬ ብርቄ ሹሩባ ተሠርተው፣ ነጠላ ለብሰው መጡ። ሁላችንም ከበብናቸው። በአንድ ጣት፣ ትኋን እንደሚጨፈልቅ ሰው ጥርሳቸውን ነክሰው ሁለት ቁጥርን ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ 26 የሚል ወጣ።

አንዱ ከኋላ በሳቅ ፈነዳ፣ ሁሉም ተከተለው።

«ሃያ ስድስት ሰዓት?» አሉ እትዬ ብርቄ። «እሰይ! ቀኑ እንዲህ ቢረዝምልኝማ ሥራዬን እጨርስ ነበር።»

ሊያጽናኑኝ ነበር፤ ባሰብኝ። መምህር ታደለ ጎንበስ ብሎ አየና «ማሽኑ አርጅቷል መሰለኝ» አለ። ቀጥሎ የቀረበው ልጅ ገጹን በተጫነ ቁጥር አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እየሆነ ይቀያየርለታል። ለማን ምን እንደሚጠቅም ማንም አልጠየቀውም፤ ተጨበጨበለት። እኔን መምህሩ «እስከ ዓርብ አስተካክለሽ አሳዪኝ፤ ያኔ እንወስናለን» አለኝ።

እንደዚያ ሳምንት ተናድጄ አላውቅም። የጣሳውን ስም ቀየርኩ፤ 26። ሁሉንም አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩ፤ 26። የነበረን አንድ ፎቶኮፒ መጽሐፍ ነው፤ እሱም ኮፒ ሲደረግ የገጾቹ ጠርዝ ስለተቆረጠ እያንዳንዱ መስመር መጨረሻው የለውም። መምህሩን ብጠይቀው አያውቅም፤ አላውቅም ማለትን ደግሞ አያውቅም። ቀንስ ስለው የሚታዘዝ ማሽን ደምር ስለው ያላግጥብኛል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ስላለቀስኩ ደግሞ ተናደድኩ።

ሐሙስ ዳገቱን እያለከለክኩ ስወጣ፣ አንድ ሰውዬ ቆርቆሮ በሮች ላይ በቀይ ቀለም የቀበሌ የቤት ቁጥር ያድሳል። አንድ በር ላይ 4 ጻፈና ከጎኑ 1 አደረገ። እንዲሁ ደክሞኝ ቆሜ ሳየው ነው የገባኝ። ያንን በር ማንም አምስት ቁጥር ቤት አይለውም። ቁጥር ቢመስልም ጽሑፍ ነው፤ አጠገቡ ይጻፋል እንጂ አይደመርም። የእኔም ማሽን እትዬ ብርቄ የነኩትን ሁለት የቆጠረው እንደ ጽሑፍ ነው! መደመር ሲባል አጠገቡ ስድስትን ይለጥፋል። መቀነስ ግን በጽሑፍ አይሆንም፤ ስለዚህ ሳይወድ በግድ ያሰላል።

እንግዲያው በመቀነስ ልደምር! ኔጌቲቭን መቀነስ መደመር እንደሆነ ተምረን የለም? ከሁለት ላይ ኔጌቲቭ ስድስት ሲቀነስ ስምንት ነው። ቤቴ የገባሁት እየሮጥኩ ነው። አባቴ «ምን ነካሽ?» ቢለኝ «ሐዋሳ አልሄድም!» አልኩት።

ዓርብ ጠዋት ሾላ ስደርስ መብራት የለም። የዚያን ቀን ፈረቃው የፈረንሳይ ነበር፤ ሰፈራችን መብራቱ ቦግ ብሏል፣ ኮምፒውተር ግን የለም። ዳንቴል ከለበሰው ማሽን ፊት ተቀምጬ አምፖሉን እያየሁ ዋልኩ። ወደ ማምሻው መምህር ታደለ አዘነልኝና «ሰሌዳው ላይ ጻፊልኝ» አለ። ጻፍኩለት። እጆቹን አጣምሮ ብዙ ካየው በኋላ ራሱን ነቀነቀ።

«ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን አስቴርዬ፣ ማሽኑ ሳይመሰክር እኔ ምን ብዬ ልመስክር?»

ቦታው ለባለቀለሙ ልጅ ደረሰው። በሳምንቱ አባቴ ሻንጣዬን ተሸክሞ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኝ። ሐዋሳን አላማም፤ ባሌን ያገኘሁት እዚያ ነው፣ ሳሙና ሊገዛ መጥቶ። ግን ያቺ ያላየኋት ስምንት ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቀረች።

«ተነሺልኝ እስቲ» አልኳት ቤዛን። ባዶ ገጽ አስከፈትኳት። እሷ እየመራችኝ፣ ጣቶቼ እየተሰናከሉ ጻፍኩት፤ ሰዓቱ፣ ከዚያ የመቀነስ ምልክት፣ ከዚያ ኔጌቲቭ ስድስት። ሁለት ብዬ አስገባሁ።

8 አለኝ።

«ውይ፣ ሠራ እኮ!» አለች ቤዛ። ወዲያው ስልኳን ነካ ነካ አደረገች። «ግን እማ፣ እንዲህ የሚጽፍ ሰው የለም። ከሰዓቱ ፊት ነምበር ብለሽ መጻፍ ብቻ ነው፤ ራሱ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። ይኸው፣ ሁሉም ቦታ አለ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የመጣብኝ ግን ንዴት ነው። አንዲት ቃል! ያኔ የሚያውቃት ሰው አጠገቤ አልነበረም፤ እኔ በራሴ መንገድ ብደርስበት ደግሞ መብራት አልነበረም። አባቴም እትዬ ብርቄም ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ማሽኑ መሰከረልኝ ብዬ ለማን ልንገር?

በዚህ መሐል የሕንፃው ልጆች በሙሉ «ጠፋ!» ብለው ጮኹ። ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁና ስክሪኑን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«እማ፣ ምን ሆነሻል? ባትሪ አለው እኮ» አለች ቤዛ። «ልዝጋው?»

«እንዳትነኪው» አልኳት። ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ቁጭ ብዬ ስምንቷን አየኋት።