ውሃ የጠጣችው የዘሀራ ታንኳ

ጣና ዳር ሳልፍ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ደንገል፣ ያ የሐይቅ ዳር ቄጠማ፣ በሸተተኝ ቁጥር፣ ወገቧን በሻሽ አስራ መቅዘፊያዋን የጨበጠችው ታላቅ እህቴ ዘሀራ ትመጣብኛለች። አባታችን ከደንገል ታንኳ እየሠሩ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰው ነበሩ፤ እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው።

ክረምት ሐይቁ ሞልቶ ሲናወጥ ዘሀራ ከማዕበሉ ጋር ስትታገል ትውል ነበር። ጎረቤቱ «ሴት ልጅ ምን ቆርጧት ትቀዝፋለች» ይል ነበር፤ እሷ ግን በየዓመቱ ጥር ላይ የሐይቁ ዳር ሰፈሮች በሚገጥሙት የታንኳ እሽቅድምድም ሁለት ዓመት ተከታትላ ወንዶቹን ጉድ ሠርታቸዋለች። «ዕድል ነው» አሉ። ሦስተኛውን ካሸነፈች አፋቸው ይዘጋል፤ ለዚሁ አባየ ጠበብ ያለች፣ ቀላል ታንኳ ሠሩላት።

ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳ ከሐይቅ እንደወጣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ መድረቅ አለበት። ይህን የሰፈራችን ሕፃን ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቅ ነበር። ግን የውድድሩ ዋዜማ ልቤ አላስችል ብሎኝ፣ ታንኳዋን ሰርቄ ጥቂት ቀዘፍሁና እናቴ ስትጠራኝ ደንግጬ ዳር ውሃው ላይ ጥያት ሮጥሁ። ከዚያ ረሳኋት፣ በቃ ረሳኋት።

ጧት ዘሀራ ልታነሳት ብትል ንቅንቅ አልል አለቻት። «እትየ፣ እኔ ነኝ» አልኋት። ቁጭ ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ዱላ ስጠብቅ አጠገባችን የቆሙት አባየ «ካራየን አምጪ» አሉኝ። ከዚያ ለራሳቸው የሠሩትን፣ ገና ውሃ ያልነካውን የማጥመጃ ታንኳ ማሰሪያ ይቆርጡት ጀመር።

«አባየ፣ በምን ሊያጠምዱ ነው?» አለች ዘሀራ።

«ዓሣው ከሐይቁ የት ይሄዳል፤ ነይ ያዢ።»

የራሰውን ደንገል ፈትተን በደረቁ ተካን፤ እኔ ገመዱን በጥርሴ ሳይቀር እሳብ ነበር። ሌሎቹ ሲሰለፉ የመጨረሻውን ቋጠሮ አጠበቅን።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! መጀመሪያ ኋላ ቀረችና ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች፤ ሐይቁ መሀል ሁለቱን አለፈች፤ ፊት ፊት ይሄድ የነበረውን ጎረምሳ ዳርቻው ላይ በአንድ ክንድ ቀደመችው። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህሁ፣ አለቀስሁ፣ ደግሞ ሳቅሁ።

አባየ የራሰውን ደንገል መልሰው አስረው፣ ለሳምንታት እየተንገዳገዱ ዓሣ ሲያጠምዱበት አንድ ቀን እንኳ ጥፋቴን አላነሱብኝም።

ዛሬ ዘሀራ የሰፈሩን ልጃገረዶች ቀዘፋ ታስተምራለች። እኔም ልጆች አሉኝ፤ አንድ ነገር ሲያበላሹብኝ ቁጣየ ይቀድመኛል፣ ማቃናቱ ትዝ የሚለኝ ጮኼ ጮኼ ሲደክመኝ ነው። አባየ ግን ያን ጧት ለምን እንዳጠፋሁ እንኳ አልጠየቁም፤ የጠየቁት ካራ ነበር።