ከይሪያ መዋሸት ያቃታት ምርምር

የኩታበሩ ገበሬ አያ ሀምዱ፣ ግንባራቸው ላይ ሁለት እርጥብ ስፖንጅ እንደታሰረላቸው ወደ ነርሷ ወደ ከይሪያ ቀና አሉ።

«ኤሌክትሪኩ አለ ወይስ የለም?»

ከይሪያ የማሽኑን ገመድ ማስተካከል ያዘች።

«በአላህ ይዤሻለሁ!»

«የለም አያ። ወላሂ፣ ጠፍቷል።»

«እንዲያ ከሆነማ ምኑን አስባለሁ?» አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ወንበሩን ተደገፉ።

ዊዳድ ከበሩ ውጭ ሆና ሁሉንም ሰማች።

ዊዳድ የደሴ፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ ናት። አባቷ አብዱልሐሚድ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱትን የጨርቅ ሱቅ ትረከባለች ሲሉ፣ እሷ ባሕር ተሻግራ ስለ አንጎል ተማረች። ዶክተር ተብላ ስትመለስ ከተማው እንደነበረ ጠበቃት፤ ጓደኞቿ ግን ግማሾቹ የሉም። ጦርነት ባለፈበት ዩኒቨርሲቲ፣ መስኮቱ በላስቲክ የተሸፈነ አንድ ክፍል ተሰጣትና የድኅረ ዶክትሬት ምርምሯን እዚያ ጀመረች። «ደሴ ላይ ምን አገኛለሁ ብለሽ ነው?» ለሚላት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፤ «ጭንቅላት የሌለው ሰው ደሴ ላይ አላየሁም።»

ጥያቄዋ ቀላል ነው። ደካማ ኤሌክትሪክ በግንባር በኩል ወደ አንጎል ቢላክ፣ ሰው አዲስ ሐሳብ ማፍለቁ ይጨምራል? ለግማሾቹ ተሳታፊዎች እውነተኛው ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፤ ለግማሾቹ ማሽኑ ይበራና ወዲያው ይጠፋል። የትኛው እንደደረሰው ተሳታፊው ማወቅ የለበትም። ከዚያ «ቅል ለስንት ነገር ይሆናል?» ተብሎ ይጠየቃል። አንዷ እናት «ለባሌ ራስ መለወጫ» ብላ ክፍሉን አስቃዋለች። ሌላው «ባገሩ ድንጋይ ለመስበር» ብሏል።

አያ ሀምዱ ከሄዱ በኋላ ዊዳድ ገባች።

«ሲስተር፣ ለስንቱ ነግረሻል?»

«በአላህ ብሎ ለያዘኝ ሁሉ።»

«ያልያዘሽስ ስንት ነው?»

ከይሪያ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ አንዱን አጠፈችና ቆመች። «ዳምጤ ብቻ። እሱ እንኳ በማርያም ነው ያለኝ።»

«እሺ፣ ለእሱስ?»

«ነገርኩት እንጂ! ማርያምን ላስቀይም ነው?»

ዊዳድ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳቅ አመለጣት። ሳቁ ሲያበቃ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ከአሥር ቀን በኋላ ለኮሚቴው እንደማቀርብ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ። ግን አንቺስ ዶክተር፣ በአላህ ብለው ቢይዙሽ ትዋሺ ነበር?»

ዊዳድ ሃያ ሁለት ገጽ መመሪያ ስትጽፍ፣ ሰው በአላህ ቢይዝሽ እንዲህ በይ የሚል አንድ መስመር አላስገባችም። ወሎ ተወልዳ፣ ወሎ አድጋ።

የምርምሩ ኃላፊ ዶክተር ሰፍዋን ግን ወሬው ሲደርሳቸው ቅንድባቸውን እንኳ አላነሡም።

«ውጤቱ ማር ነው። ኤሌክትሪክ ያገኙት እጥፍ ሐሳብ አፍልቀዋል። ምን ጎደለ?»

«ሌሎቹ የለም ስለተባሉ እኮ ነው፤ ተስፋ ቆርጠው ዝም አሉ። ኤሌክትሪኩ ምንም ላይሠራ ይችላል።»

«ላይሠራ ይችላል፤ ሊሠራም ይችላል። ደግሞ ማን ያውቃል?»

«ሠላሳ ስምንቱም ተሳታፊ ያውቃል።»

«ገበሬ ጆርናል አያነብም፣ ዊዳድ።»

«እኔ አነባለሁ።»

«የሁለተኛው ዓመት የምርምር ፈቃድ በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ክፍሉን አገኛለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ፤ አስቢበት።»

አሰበችበት። ኮሚቴው ፊት ስትቆም ማር የተባለውን ውጤት ገልጣ አሳየች፤ ወዲያው ደግሞ ሠላሳ ስምንቱንም ሰው ከምርምሩ መሰረዟን ተናገረች። ከኮሚቴው አባላት አንዱ መነጽሩን አወለቀ።

«ታዲያ ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«ስሕተቴን። ነርሷ አላጠፋችም። ማንም በአላህ ተይዞ የማይዋሽበት አገር ላይ፣ መዋሸት የሚጠይቅ ሥራ የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

ዶክተር ሰፍዋን ጠረጴዛውን ተመለከቱ። ፈቃዱ አልታደሰም።

ዊዳድ ማሽኑን በፎጣ ጠቀለለች። ማሽኑ የራሷ ነው፤ ትምህርቷን ስትጨርስ በሻንጣ ያመጣችው። ጭኗ ላይ አድርጋ በሚኒባስ ቁልቁለቱን ወረደች። ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ ክሊኒክ ያለው ፈሪድ የሚባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚሆኑ ሁለት ክፍሎች ነበሩት። አዲስ የፈቃድ ማመልከቻ ጽፋ፣ ፈቃዱ እስኪመጣ ሁለት ወር ጠበቀች። መመሪያው ላይም አንድ ነገር ለወጠች፤ ቁልፉን የሚጫነው ፈሪድ ነው፣ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ፤ አብራት የመጣችው ከይሪያ ስፖንጅ ከማሰር በቀር የምታውቀው ነገር አይኖርም።

የመጀመሪያው ቀን አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ መጥታ ቁጭ አለች። ከይሪያ ስፖንጁን ነክራ፣ ጨምቃ፣ ግንባሯ ላይ አሰረችላት። ዊዳድ አዲሱን ቅጽ አወጣችና «ተሳታፊ ቁጥር አንድ» ብላ ጻፈች። ይኼኔ ስልኳ ጮኸ፤ ዶክተር ሰፍዋን ነበሩ።

«ያንን ውጤት መልሰሽ ካስገባሽ፣ ክፍሉ ዛሬም ባዶ ነው።»

«ዶክተር፣» አለች፣ «ኮምቦልቻ ይሞቃል። መስኮቱም መስታወት አለው። ብቅ ይበሉና ግንባርዎ ላይ እናስርልዎታለን።»

ስልኩን ዘግታ ለሴትዮዋ የቅሉን ጥያቄ አነበበችላት።