ሳቫና ላይ ስለ ዌንደል የጠየቀኝ ሰውዬ

ዓርብ ጠዋት፣ ኢስት ፖይንት፣ አትላንታ አጠገብ

ወደ ሳቫና የሄድኩት አምሮኝ አይደለም። የሠፈራችንን የቤዝቦል ቡድን ሁለተኛ ቫን የሚነዳው ሰው ወገቡን ታመመ። አሠልጣኙ ኤርፖርት አካባቢ መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን እንደምነዳ ያውቅ ነበርና «ለሦስት ቀን ንዳልን» አለኝ። ከተጫዋቾቹ አንዱ እኔ ቤት ስለሚያድር እምቢ ለማለት አፈርኩ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ቤዝቦል የሚጫወቱ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ በእኛ ክረምት በእነሱ በጋ፣ በየከተማው ቡድን ሠርተው ያለ ደመወዝ ይጫወታሉ። ቤት የሚከራይላቸው ስለሌለ የየሠፈሩ ሰው አንድ አንድ ተጫዋች ወስዶ ያሳድራል። ኮሌጅ ውስጥ የሚመቱት በአሉሚኒየም ዱላ ነው፤ በበጋው ግን እንደ ደመወዝተኞቹ በእንጨት ይመታሉ። ስካውት የሚባሉ የክለብ መልማዮች ደብተራቸውን ይዘው የሚመጡት በእንጨት መምታት የሚችለውን ለመለየት ነው። የወደዱትን ያስፈርማሉ፤ ያልወደዱት ዱላውን ይዞ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል።

የእኔው ዌንደል ይባላል። የሚሲሲፒ ጥቁር ነው፤ ሃያ አንድ ዓመቱ፤ በቤቴ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። ሰኔ ላይ ክለቦቹ ተጫዋች ሲመርጡ ስሙን የጠራ አልነበረም። ኮሌጁም የሚከፍልለትን አቁሟል። በዚህ በጋ አንድ ስካውት ካላስፈረመው አጎቱ የሚሠራበት ፋብሪካ ገብቶ ዶሮ ሲገነጥል ሊኖር ነው። ይህን የነገረኝ ሽሮዬን በማንኪያ እየበላ ነው፤ በማንኪያ መብላቱን ይቅር ብዬዋለሁ።

ከስደት ወደ አሜሪካ ያመጡኝ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ባዶ ክፍል አለህ» ብለው እሱን ሲሰጡኝ ተነጫንጬ ነበር። እሱ ከመምጣቱ በፊት ከሥራ ስገባ ቤቴ ውስጥ ድምፅ ያለው ፍሪጁ ብቻ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሞ ዱላውን ሲወዘውዝ ሹው፣ ሹው ሲል እሰማለሁ። ሰው ቤት ውስጥ አለ ማለት ነው። ነሐሴ ሲያልቅ ምን እንደምሆን ላስበው አልፈልግም ነበር።

አብሮኝ የሚሠራው ስንታየሁ የሚባል ወጣት የሥራ ቫኔን ቁልፍ ሲቀበለኝ ያሾፍብኝ ጀመር።

«ጋሼ፣ ሺፍትህን እኔ ከቨር አደርጋለሁ፣ ዶንት ወሪ። ግን የገና ጨዋታ በሐምሌ? ሲሪየስሊ?»

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብዬው ወጣሁ።

መንገዱ

ሰባ አምስት ቁጥር አውራ ጎዳናን ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። አሠልጣኙ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ዘጠኝ ጎረምሳ ጭኜ ነበር፤ ከተማውን ሳንለቅ ስምንቱ አንቀላፉ። ዌንደል ብቻ ከጎኔ ዱላውን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ መንገዱን ያያል።

ሜከን የምትባል ከተማ ሳንደርስ ቤንዚን ልንቀዳ ቆምን። መንገድ ዳር አንዲት ነጭ አሮጊት ኮክና የተቀቀለ ኦቾሎኒ ይሸጣሉ። ተቆልቶ የሚበላውን ነገር ከነቅርፊቱ በጨው ውሃ ይቀቅሉታል! ሰባ አምስት ሳንቲም ከፍዬ አንድ ከረጢት ገዛሁ። ባቄላ ባቄላ ይላል፤ አይከፋም።

«ከየት ነህ?» አሉኝ።

«ከአትላንታ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«አመሰግናለሁ» ብዬ ወደ ቫኑ ተመለስኩ። ዌንደል ሳቀ። «ሚስተር መኮንን፣ ለሰው ምንም አትናገርም አይደል?» አለኝ። የኦቾሎኒውን ከረጢት አቀበልኩት።

ከሜከን ወዲያ አሥራ ስድስት ቁጥር ላይ ጥድ ብቻ ነው። ግራም ጥድ፣ ቀኝም ጥድ፤ አንድ ሰዓት ነድቼ ያየሁት ሰው ሣር የሚያጭድ አንድ እስረኛና ጠባቂው ነበሩ። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ሰው የራሱን ሐሳብ ሳይወድ ይሰማል። ሬዲዮ ከፈትሁ፤ ሰባኪ ብቻ ነው ያለው፤ ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ ሳቫና ገባን። ሞቴሉ አውራ ጎዳናው ዳር ነው። ተጫዋቾቹ ለሁለት ለሁለት ተመደቡ፤ ለሾፌሩ የብቻ ክፍል ተሰጠው። አሠልጣኙ ያከበረኝ መስሎት ነው። የዚያን ዕለት ጀምበር ሳትጠልቅ በተደረገው ጨዋታ ዌንደል ሁለት ጊዜ መታ። ሁለተኛዋ ኳስ አጥሩን ልታልፍ ጥቂት ቀራት። የጨዋታው ሕግ ገና አልገባኝም፤ ግን ዱላው በደንብ ሲያገኛት የሚያወጣው ድምፅ እንጨት ሲፈለጥ እንደሚሰማው ነው፤ ያንን ማንም ያውቃል።

ቅዳሜ፣ ሳቫና

ሙቀቱ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ እንደ መልበስ ነው። ዓይን ውስጥ የሚገቡ ጥቃቅን ዝንቦችም አሉ። ከሜዳው ሽቦ ጀርባ ኮፍያ ያደረጉ አራት አምስት ስካውቶች ተቀምጠዋል። አንዱ ሽጉጥ የሚመስል ነገር አውጥቶ ኳስ ወርዋሪው ላይ ሲያነጣጥር ክው አልኩ። የኳስ ፍጥነት መለኪያ ነው አሉኝ።

ከእነሱ አንዱ፣ ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ ሰውዬ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ስሙ ሚስተር ፕሩት ነው። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፤ እርሳሱን ምላሱ ላይ ነካ አደረገ።

«ዌንደል የሚኖረው አንተ ቤት ነው አሉኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«አላውቀውም» አልኩ።

«ሁለት ወር አብሮህ ኖሮ?»

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ቤቴ ያድራል እንጂ ምኑንም አላውቅም።»

«ጓደኞች ይመጡበታል? ማታ ይወጣል? ይጠጣል?»

«እኔ እተኛለሁ። አላየሁም።»

ሰውዬው ትንሽ አየኝ፤ አንድ መስመር ጻፈ፤ አመስግኖኝ ሄደ። እኔ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር እንደሠራ ሰው ኮራሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ሎሚናት ገዝቼ ጠጣሁ።

ጨዋታው ሲያልቅ ዌንደል እየሮጠ መጣ። ሦስት ጊዜ መትቶ ነበር። «ሲያናግርህ አየሁ! ምን አልከው?»

«አትፍራ፤ አላውቀውም አልኩት። ምንም አላወጣሁብህም።»

ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ እዚያው ደረቀ። አልተቆጣኝም። ዱላውን አንሥቶ ወደ ቫኑ ሄደ፤ ከጎኔ ሳይሆን ከኋላ ወንበር ተቀመጠ።

ነገሩን ያስረዳኝ አሠልጣኙ ነው። «መምታቱንማ በዓይናቸው ያያሉ» አለኝ። «ቤት የሚያሳድረውን ሰው የሚጠይቁት ጠባዩን ለማወቅ ነው። የሚያሳድረው ሰው አላውቀውም ካለ፣ ወይ ሰካራም ነው ወይ ሌባ ነው፣ ሰውዬው አፍሮ ነው የደበቀው ይላሉ። ፕሩት ነገ ጠዋት ወደ ቻርልስተን ይሄዳል። ዘንድሮ የዌንደልን ስም የጠየቀ ስካውት እሱ ብቻ ነው።»

ለካ ዝምም ይነቅዛል።

እሑድ ጠዋት

ስካውቱ ቁርሱን የሚበላው ከሞቴሉ ሁለት ማይል ወዲያ ያለ ምግብ ቤት መሆኑን አሠልጣኙ ነግሮኛል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባዶውን ቫን አስነሥቼ ሄድኩ። መንገዱ ላይ ራሴን ጠየቅሁ፤ አላውቀውም ያልኩት ፈርቼ ብቻ ነው? ወይስ ሰውዬው ዌንደልን ወስዶብኝ ቤቴ እንደ ድሮው እንዳይሆን ነው? ፍርሃቱ እውነት ነው። ሌላውም እውነት ሳይሆን አይቀርም። አፈርኩ።

ሚስተር ፕሩት ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጦ እንቁላልና የበቆሎ ገንፎ ይበላል። ደብተሩ ከጨው ዕቃው አጠገብ ነው። ሳልጋበዝ ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ።

«ትናንት ዋሽቼዎታለሁ» አልኩት።

ሹካውን አስቀመጠ። «ለምን?»

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። እዚያ፣ እንግሊዝኛዬ እየተደናቀፈ፣ ለማላውቀው ሰው ነገርኩት። አዲስ አበባ ሳለሁ ታናሽ ወንድሜ ሙሉጌታ እኔ ቤት ይኖር ነበር። አንድ ቀን ደብተር የያዘ ሰው በሬን አንኳክቶ፣ በጣም በትሕትና፣ «ወንድምዎ ምን ዓይነት ልጅ ነው?» አለኝ። እኔ ታላቁ ኮራሁ። ጎበዝ ነው አልኩ። ያነባል፤ ጓደኞቹ ብዙ ናቸው፤ ሲናገር ሰው ይሰማዋል አልኩ። ሰውዬው ሁሉንም ጻፈ። በሦስተኛው ቀን መጥተው ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ የት እንዳደረሱት አላውቅም።

ሚስተር ፕሩት ሰሃኑን ገፋ አደረገ። ከዚያ እጁን ሰዶ፣ ቀስ ብሎ፣ ደብተሩን ከጠረጴዛው ላይ አነሣና ኪሱ ከተተው። እንዳይታየኝ ብሎ ነው። ደግ ሰው ነው።

«አይ፣ ያውጡት» አልኩት። «ይክፈቱት፤ ይጻፉ።»

አወጣው። ጠረጴዛውን ይዤ ተናገርኩ። በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥቶ ይሮጣል። የበላበትን ሳያጥብ አይተኛም። ጉንፋን ሲይዘኝ ሾርባ ሠርቶልኛል፤ ጨው አብዝቶበት ነበር። መጠጥ አይነካም። ሳይመታ የገባ ቀን ዕቃ አይወረውርም፤ መስተዋት ፊት ቆሞ እንደገና ይሞክራል። ጓደኞቹ ይወዱታል። ይኼኛውን ስናገር ቆም አልኩ፤ ሰውዬው እርሳሱን አቁሞ ጠበቀኝ፤ ቀጠልኩ። በእያንዳንዱ ቃል እርሳሱ ሲሄድ አያለሁ።

«ሌላስ?» አለኝ።

«ጥሩ ሰው ነው። አውቀዋለሁ።»

እሱንም ጻፈ። ተስፋ አልሰጠኝም፤ «ክለቡን አነጋግራለሁ» ብቻ አለ። የቀረበልኝን ቡና ሒሳብ ከፍሎ ወጣ።

እሑድ ከሰዓት፣ ወደ ቤት

በመጨረሻው ጨዋታ ዌንደል አንድም አልመታም። ስንመለስ ከጎኔ ተቀመጠ፤ የሄድኩበትን አሠልጣኙ ሳይነግረው አልቀረም። ጥዱ እንደ ሄድንበት ነው። ሲመሽ ቤት ገባን፤ እቃችንን አራገፍን፤ ሽሮ ሠራሁ።

ማክሰኞ ስልክ ተደወለ። ረቡዕ ሚስተር ፕሩት ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ዌንደል የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ፈረመ። የሚላከው ቴኔሲ ተራራ ውስጥ ወዳለ፣ ከክለቡ ቡድኖች ሁሉ ታች ወደሆነው ቡድን ነው። ከዚያ እስከ ላይ ያለው እርከን ብዙ ነው፤ አብዛኛው መንገድ ላይ ይቀራል አለን፤ አልደበቀንም። ሐሙስ ጠዋት አውቶቡስ ጣቢያ አደረስኩት። መታቀፍ የምሸሸውን እኔን አንገቴን አቅፎ ከመሬት ሊያነሣኝ ምንም አልቀረው።

ከጉዞው ምን ተማርክ ብትሉኝ የተማርኩት ትንሽ ነው። ስለ ሰው መጠየቅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ደብተር የያዘም ሁሉ አንድ ሰው አይደለም። ይህን ለመማር አምስት መቶ ማይል መንዳት ለሌላ ሰው ብዙ ነው፤ ለእኔ ግን አልበዛም።

ሐሙስ ከሥራ ስገባ ቤቱ ጭር ብሎ ነበር። የሱን ክፍል በር ከፍቼ፣ መልሼ ዘጋሁት። ከፋኝ፤ በጣም ከፋኝ። ወንበር ላይ ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኩ ጮኸ።

«ሚስተር መኮንን፣ ደርሻለሁ» አለኝ።

ደብተር ለያዘ ሰው ከመሰከርኩላቸው ሁለት ሰዎች የት እንደ ደረሰ ያወቅሁት የእሱን ብቻ ነው። አንዴ ድገምልኝ አልኩት። ደገመልኝ።