አሥራ ሁለት ቁራጭ ቆዳ

ጽሕፈት አልችልበትም፤ ፊደሌም ይንጋደዳል። ግን የመሥሪያ ቤታችን አለቆች ማ-ከባዲሬን «ትእዛዝ የማትሰማ» ብለው በወረቀት ጽፈውባታል። እንግዲያው እኔም በወረቀት ልመልስ። ሌላ ማን ይመልስላት?

ማ-ከባዲሬ ከብት ከታቢ ናት፤ በእኛ ዘንድ ሴት በክብር «ማ»፣ ወንድ «ራ» ተብሎ ይጠራል። ሃያ ሁለት ዓመት በረግረጉ ዳር መንደሮች እየዞረች የአፍተግር ክትባት ወግታለች። እኔ ከብቶቹን ወደ ጠባቡ የእንጨት መተላለፊያ እነዳለሁ፣ እሷ ትወጋለች። ልጅ ሳለች፣ በሳምባው በሽታ ጊዜ፣ እንዳይዛመት ተብሎ የአውራጃው ከብት በሙሉ ሲገደል የአባቷ አርባ አንድ ከብት አንድ ጉድጓድ ገባ። አባቷ ከዚያ በኋላም ሲመሽ እየተነሳ የበረቱን በር ይዘጋ ነበር። «ባዶ በረት፣ ቲሮ! ባዶ በረት ይዘጋ ነበር» ትለኛለች። መርፌ የያዘችው በዚህ ምክንያት ነው።

የክትባቱን ቀዝቃዛ ሳጥን ከአጠገቧ አትለይም። አንዴ «ወርቅ አለበት እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባት። በማግስቱ ኳስ ይዛ መጣች። ከላም ቆዳ ቆርጣ ራሷ የሰፋችው ነው፤ ቁራጩ አሥራ ሁለት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም አምስት ማዕዘን። ሆዱ ውስጥ የክር ጥቅል አለ።

«ቫይረሱ ይኸውልህ» አለችኝ። «ውስጡ ያለው ክር ዘሩ ነው፣ የሚራባበት። ውጭው ከፕሮቲን የተገጣጠመ ሽፋን ነው። ዘሩን የሚጠብቀው እሱ፣ በላሟ ገላ ላይ የሚጣበቅበትም እሱ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ተገድሏል፣ አያሳምምም። ሽፋኑ ግን ሙሉ ነው። የላሟ ገላ ያንን መልክ ያጠናል። ነገ በሕይወት ያለው ሲመጣ ‹አንተንማ አውቅሃለሁ› ብሎ ያንቀዋል።»

«ሙቀት ቢያገኘውስ?»

የስፌቱን ጫፍ ሳበችው። ኳሱ ጭኗ ላይ ፍርስ አለ።

«አሁን ይኼ ኳስ ነው?»

«ቆዳ ነው።»

«የላሟም ገላ እንዳንተ ነው። ቁራጩን አጥንቶ ኳሱን አይለይም። መልሰህ ብታቀዘቅዘው ደግሞ ራሱን በራሱ አይሰፋም። ክፋቱ፣ ጠርሙሱን በዓይንህ ብታየው ያው ነው።»

ባለፈው ደረቅ ወራት ከወንዙ ማዶ በሽታው ገባ ተባለ። የዲትሻና መንደር ሰዎች ስድስት መቶ ከብት ይዘው ከንጋት ጀምሮ ጠበቁን። ማ-ከባዲሬ ቀድማ ሄዳለች። እኔ ክትባቱን በጫነው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ከፊት አዲሱ ኃላፊያችን ራ ሴቢና። መንገድ ላይ ሠርግ ቤት ጎራ ብሎ አንድ የበሬ ታፋ ተሸከመ። በከብት በሽታ መቆጣጠሪያው ኬላ ደግሞ ጥሬ ሥጋ አያልፍም፤ ጠባቂዎቹ የልብስ ሻንጣ ሳይቀር ይበረብራሉ። የማይከፍቱት የክትባቱን ሳጥን ብቻ ነው፣ እንዳይሞቅ ብለው።

እሱ ምን አደረገ? ጠርሙሶቹን አውጥቶ ፊት ለፊት መስታወቱ ሥር ደረደረ፣ ሥጋውን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። ካለፍንም በኋላ አልመለሳቸውም፤ ሥጋው እንዳይበላሽበት! ሦስት ሰዓት በፀሐይ፣ በአሸዋ። መንደሩ ሲቃረብ ሥጋውን በጆንያ ጠቅልሎ ጠርሙሶቹን መለሰ። አየሁ። ዝም አልኩ።

ማ-ከባዲሬ ሳጥኑን ከፈተች። ጣቷን በረዶው ውስጥ ነክራ አወጣች፤ ቀልቷል።

«ይኼ የምን ደም ነው፣ ራ ሴቢና?»

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ!»

እናቱ የምትሆነውን ሴት!

«አልወጋም» አለች።

ባለከብቶቹ ተንጫጩ። ሽማግሌው ራ ዲኮሎ «ማ-ከባዲሬ፣ መርፌው ከበደሽ ወይስ እርጅናው?» አለ። ነገሩ ወደ ኮትላ፣ መንደሩ ወደሚሸመገልበት አደባባይ ሄደ። እዚያ ሴት በሱሪ አትገባም፤ እሷ ደግሞ የሥራ ቱታ ለብሳለች። ራ ሴቢና ሳቀ፦ «በይ እንግዲህ፣ በሱሪ ግቢያ!» አንዲት ባልቴት ከትከሻቸው ጋቢ አውርደው ወገቧ ላይ አሰሩላት። «ግቢ ልጄ፣ ሱሪሽን አላየንም» አሉ።

መልሳ የሰፋችውን ኳስ ለመንደሩ አለቃ ሰጥታ ክሩን እንዲስቡ አደረገች። ቁራጮቹ ጉልበታቸው ላይ ፈሰሱ። ለእኔ ያለችውን ደገመችላቸው። «ይህን ብወጋላችሁ ተከተበ ብላችሁ ከማዶው ከብት ጋር ውሃ ታጠጣላችሁ። ከዚያ በረታችሁን ትዘጋላችሁ፣ ባዶውን!»

«ጠርሙሱን ንኩት! ቀዝቃዛ አይደለም?» ሲል ጮኸ ራ ሴቢና።

ራ ዲኮሎ ነካው። «በእውነት በረዶ ነው።»

«ሬሳም ይቀዘቅዛል፣ ራ ዲኮሎ» አለች። «ስለቀዘቀዘ ተነሥቶ ያውቃል?»

አለቃው «ጠርሙሶቹ ከሳጥን ሲወጡ ያየ አለ?» ብለው ጠየቁ። እሷ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም። ብታየኝ ይቀለኝ ነበር። ሰው ፊት ቃል ይጠፋብኛል፣ እንተባተባለሁ። ኮትላ ውስጥ ግን የማንም ቃል አይሳቅበትም። ተነሣሁ።

«መስ… መስታወቱ ሥር። ፀሐይ ላይ። ሥጋው ነበር ሳጥኑ ውስጥ።»

አለቃው ከብቱ ወደየቤቱ ይመለስ፣ አዲስ ክትባት እስኪመጣ ከወንዙ ይራቅ፣ ሥጋው ይቃጠል አሉ። ራ ዲኮሎ «ሳይጠበስ ነው የሚቃጠለው?» ብሎ ሰው አሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አዲሱ ክትባት በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ፣ ስድስት መቶውንም ራሷ ወጋች። በሽታው ከወንዙ ወዲህ ሲሻገር የጎረቤት መንደር ከብት አፉ ቆስሎ ለሃጩን ሲያዝረከርክ፣ የዲትሻና ግን በጤናው ጋጠ። ከዚያ ከመሥሪያ ቤታችን ወረቀቱ ደረሰ። ራ ሴቢና ወደ ትልቁ ከተማ በዕድገት ተዛወረ። እሷ «ኃላፊዋን በሕዝብ ፊት አዋርዳለች፣ ትእዛዝ አትሰማም» ተብላ መርፌ እንዳትይዝ ታገደች። ሥጋውን ያነሣ አንድ መስመር የለበትም። ሦስት ጊዜ አንብቤ ፈለግኩት።

አሁን የሚወጋው አንድ ወጣት ነው። መኪናው ሲመጣ የዲትሻና ሰዎች ከብታቸውን ከበረት አያወጡም። ራ ዲኮሎ ራሱ ሄዶ ማ-ከባዲሬን ከቤቷ ያመጣታል። ጋቢዋን ታጥቃ ትመጣለች፣ ሳጥኑን ትከፍታለች፣ ጣቷን በረዶው ውስጥ ትነክራለች፣ አውጥታ ለሁሉም ታሳያለች። ከዚያ በኋላ ነው በር የሚከፈተው።

ይህንንም ይጻፉባት።