የይርጋነሽ ጡሩምባና የኃይለ ጊዮርጊስ ሳጥን

እልል በሉ! ለመነ! በገዛ አፉ፣ በቆመበት፣ ከባርኔጣው ጫፍ ዝናብ እየተንጠባጠበ፣ በሦስት ሽማግሌ ፊት «እባክሽ» አለ! ቢቸና ከተቆረቆረች ወዲህ እንዲህ የጣፈጠ «እባክሽ» አልተሰማም ብል ማን ይከሰኛል?

ቆይ፣ ደስታው ቀደመኝና የማን እንደሆነ እንኳ አልተናገርሁም። ደስታው የይርጋነሽ ነው፤ ከገበያው በታች የምትኖረው፣ የጧፍ ሠሪዋ። የቢቸና አብያተ ክርስቲያናት የሚያበሩት በእሷ ጧፍ ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም። እጇ ሰም ሰም ይሸታል፤ ቀሚሷም እንደዚያው። ጧፍ የሚሠራ ሰው ደግሞ ችኩል አይደለም። ክሩን ከቀለጠው ሰም ይነክራል፣ ያደርቃል፣ መልሶ ይነክራል፤ አንዴ ተነክሮ ጧፍ የሆነ ክር የለም። ይርጋነሽ በቀሏንም የሠራችው እንደዚሁ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከአባቷ ሸክላ ማጫወቻ ነው። አባቷ ጣሊያን ጥሎት ከሸሸው ቤት ያገኙት፣ ሲድሯት ደግሞ ከከብቱ ጋር የሰጧት ነው። የሚጠመዘዝ እጀታ ያለው የእንጨት ሳጥን ነው፤ በላዩ አፉ እንደ ዱባ አበባ የተዘረጋ ትልቅ የቆርቆሮ ጡሩምባ ተተክሎበታል። ይርጋነሽ በልጅነቷ አንድ ቀን ጡሩምባውን ነቅላ ሸክላውን አዙራ ነበር። መርፌው እንደ ትንኝ ሲያንሾካሹክ ሰማች። ጡሩምባውን መለሰችው፤ ያው ሹክሹክታ ቤቱን ሞላው። ያን ቀን የገባት ነገር ኋላ ባሏን አንበረከከው።

ባሏ በቅሎ ነጋዴው ኃይለ ጊዮርጊስ ነው። በቅሎ ሲሸጥ ጥርሷን እያሳየ እግሯን የሚደብቅ ሰው! ሌላ ሴት ለምዶ ትዳሩ ሲፈርስ፣ ይርጋነሽ «ሸክላው የአባቴ ነው፤ ይዤው እንደገባሁ ይዤው እወጣለሁ» አለች። እሱ ደግሞ «ሞላውን ያስቀየርሁት እኔ፣ ዘፈኑን የገዛሁት እኔ፤ የጋራ ነው» አለ። ሽማግሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁና «የጋራ ነው» ብለው ፈረዱ።

በእኛ አገር ባልና ሚስት ሲካፈሉ አንዱ ይከፍላል፣ ሌላው ይመርጣል። የሚከፍለው ባል እንዳያዳላ፣ ምርጫው የሚስት ነው። ታዲያ ኃይለ ጊዮርጊስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጡሩምባውን ከሳጥኑ ነቀለው! ሳጥኑን ከነዘፈኖቹ ከበሬው ጎን አስቀመጠ። ጡሩምባውን ላሟ አጠገብ ወረወረው፤ ሲወድቅ ጎኑ ጎደጎደ፣ ስፌቱም ተተረተረ።

«ምረጪ» አላት እየሳቀ። «ሳጥኑን ከወሰድሽ አፉ ከእኔ ነው። አፉን ከወሰድሽ ነፍሱ ከእኔ ነው። እንግዲህ ዝፈኚበት!»

ሽማግሎቹም ሳቁ። የሽማግሎቹ አለቃ አባ ገብረ ክርስቶስ ሳይቀሩ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ይርጋነሽ ያንን ሳቅ አልረሳችውም። ሁለቱን ድርሻ ዞራ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የተጎዳውን ጡሩምባ ከጭቃው አነሳችና እንደ ሕፃን ታቀፈችው።

ከበሩ ላይ ቆማ የምታየው ጎረቤታቸው ሰብለ ወንጌል መቻል አቅቷት ጮኸች፦ «አንቺ ሞኝ! የሚዞረውን ትተሽ ቆርቆሮ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ!»

ይርጋነሽ ግን ፊቷን ወደ ባሏ አዞረች። «ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ስማኝ። አንተ ራስህ፣ እግርህ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ በእነዚሁ ሽማግሎች ፊት ‹ጡሩምባሽን እባክሽ ስጪኝ› ብለህ ካልለመንኸኝ እኔ ይርጋነሽ አይደለሁም።»

«በቀል የእግዚአብሔር ናት፣ ልጄ» አሉ አባ ገብረ ክርስቶስ፣ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው።

«አውቃለሁ፣ አባ። እግዚአብሔር ግን ሥራ ይበዛበት የለም? ላግዘው ብዬ ነው።»

ይኸው፤ መሐላው ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ የኖረችው ለእሱ ነው።

መጀመሪያ ጡሩምባውን ጠገነች። የጎደጎደውን በእንጨት ሙቀጫ አፍ ላይ ደፍታ፣ በጨርቅ በተጠቀለለ ዘነዘና ከውስጥ ቀስ እያለች መታችው፤ ቀና። ስፌቱን በምታውቀው በሰም ደፈነችው። ሚያዝያ ላይ ፀሐይ ሲበረታ ሰሙ ቀልጦ መደቡ ላይ ተንጠባጠበ። ተናደደች፤ ግን ሰሙን ፍቃ አነሳችና እንደገና አሰበች። ትልቁን አፍ በጨርቅ ወትፋ፣ በጠባቡ አንገት እፍ እያለች፣ የበራ ጧፍ በስፌቱ ዳር ዳር አስኬደች። ነበልባሉ ጎንበስ ባለበት ሁሉ ቀዳዳ አለ። እዚያ እዚያ ላይ በከሰል ምልክት አደረገች። ሰው ቢያያት አበደች ይላል፤ እሷ ግን በየቀዳዳው የምታየው የኃይለ ጊዮርጊስን ጥርስ ነበር።

ምልክቱን እንደያዘ ጡሩምባውን በነጠላ ጠቅልላ፣ በጭነት መኪና ሞጣ ወረደች። የሞጣ ቆርቆሮ ሠሪ ምልክቱን ተከትሎ በየደላት። ከዚያ ሰም ሲገዛት ወደኖረው ወደ ነጋዴው ሙሐመድሁሴን ሱቅ ገባች።

«ምነው እህቴ ይርጋነሽ፣ ዛሬ ሰሙን በጡሩምባ ነው ያመጣሽው?»

«ዛሬ የመጣሁት ለሬዲዮ ነው፣ ጋሼ ሙሐመድሁሴን። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን።»

ሙሐመድሁሴን ደስ አለው። ከመደርደሪያው ትልቁን አወረደ፤ ዳርና ዳሩ ያብረቀርቃል። «ይኼ ነው ላንቺ! እይው፣ መብራት ሁሉ አለው። እንግዳ ሲመጣ ዓይን ይገባል።»

«እኔ የምፈልገው ለጆሮ ነው» አለችና ጡሩምባውን ከነጠላው አወጣች። የሬዲዮኑን ድምፅ እስከ ታች ዝቅ አስደርጋ፣ ድምፅ የሚወጣበትን ፊት በጡሩምባው አንገት ላይ ለጠፈችው። ትልቁ ተንጫረረ፤ ሽምብራ ሲቆላ ይመስላል። ሁለተኛውም አልተሻለም። ሦስተኛው ማንም የማይጠይቀው፣ አቧራ የጠጣ ትንሽ ሬዲዮ ነበር። ዝቅ ብሎ ሲናገር ቃሉ ሙሉ ነው፤ በጡሩምባው በኩል ሲወጣ ደግሞ ሰውየው ሱቁ ውስጥ ቆሞ የሚናገር መሰለ። ጨው የሚመዝኑት ሰዎች ዘወር ብለው አዩ።

«ሱብሃነላህ!» አለ ሙሐመድሁሴን። «ባለቤቴ ሳብሪያ ይህን ሳታይ ከዚህ አትሄጂም። ለመሆኑ ማንን ልታስደነግጪበት ነው?»

«አንድ በቅሎ ነጋዴ አለ።»

«አሃ» አለና ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም። ነጋዴ የነጋዴ ጠላት ሲገጥመው መጠየቅ አያስፈልገውም። ሬዲዮኑን በሰሟ ለወጠላት፤ ድንጋዩን መረቀላት።

ቢቸና ተመልሳ ከዋንዛ እንጨት መቀመጫ አስጠረበች። በአንድ ፊቱ ሬዲዮኑ ልክክ ብሎ ይገባል፣ በሌላው ፊት የጡሩምባው አንገት ይሰካል፤ በመሐል የድምፁ መተላለፊያ ጠባብ ቀዳዳ አለ። መጋጠሚያውን ፀሐይ በማያገኘው በኩል በሰም ዘጋችው። አሁንም አንድ ነገር አልጣማትም፤ ዘፋኟ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ የጡሩምባው ከንፈር «ዝዝዝ» ይላል። ከንፈሩን ዙሪያውን በእርጥብ ጠፍር ጠመጠመችውና እስኪደርቅ ጠበቀች። ሲደርቅ ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ዝዝታው ሞተ። ይርጋነሽ በሯን ዘግታ ብቻዋን አዳመጠች፤ ለማንም አልነገረችም። በቀል ሳይበስል አይቀመስም።

ግን እኮ እሷ ይህን ሁሉ ስትጠግን፣ በጋውን ያሸነፈው ኃይለ ጊዮርጊስ ነበር! ይህን ስጽፍ አሁንም ያናድደኛል። ሳጥኑን በበቅሎ ጭኖ ሲወስድ፣ መርፌው የሚሰካበት ክብ ነገር ውስጥ ያለችው፣ ድምፁን የምትሰጠው እንደ መስታወት የሳሳች ቅጠል ተሰነጠቀችበት። ሰውየው ግን መላ አላጣም። ብራና ፋቂ ዘንድ ሄዶ ከግልገል ፍየል ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ብራና አስፋቀና በቦታዋ አስወጠረ። ጡሩምባ ከጋዝ ጣሳ አስቀጠለ። ዘፈነለት! ጥር ላይ ሲያዘፍን ሰዉ ግቢውን ሞላው። «ይርጋነሽ ቆርቆሮዋን ታቅፋ ትቅር!» ተባለ፤ ይህም ጆሮዋ ደረሰ።

ብራና ፋቂው ራሱ ጧፍ ሊገዛ መጥቶ ነገራት። «እኔ ነኝ ያዳንሁለት። ከመዳዊት ብራና ይልቅ አሳስቼ ነው የፋቅሁለት።»

ይርጋነሽ እጇ ላይ ያለው ክር ቀጥ አለ። «ብራና? ብራና ነው ያልኸኝ?»

«የግልገል!»

«እሰይ፣ እጅህ ይባረክ» አለችና ከገዛው በላይ ጧፍ ጨመረችለት። ሲሄድ ብቻዋን ሳቀች። ከበሮ እንኳ በክረምት እሳት ካልሞቀ ይዝላል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳው ደግሞ ምን ሊሆን ነው? ሰማዩን አየች፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ። ግድ የለም፣ ሐምሌ ይመጣል።

መጣም። የኃይለ ጊዮርጊስ አዲሷ ሚስት ወንድ ልጅ ወልዳ ክርስትናው በሐምሌ ሥላሴ ማግስት ዋለ። ከተማው ሁሉ ተጠራ፤ እነዚያ ሦስት ሽማግሎችም ከፍ ካለው መደብ ላይ ተቀመጡ። ዝናቡ ሌሊቱን ጀምሮ አላባራም። ጭጋጉ ቤት ውስጥ ገብቶ ከሰው ጋር ይቀመጣል። ተበላ፣ ተጠጣ። ኃይለ ጊዮርጊስ ተነሥቶ እጀታውን ጠመዘዘና መርፌውን ሸክላው ላይ አሳረፈ።

ምን ወጣ መሰላችሁ? ጉንፋን የያዘው ወጠጤ! «እብብብ... እብብብ...»

 ከጓዳ አንዲት ሴት «ኧረ ጭስ ስጡት፣ ጉሮሮው ተዘግቷል!» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኃይለ ጊዮርጊስ መርፌ ቀየረ፣ ዘፈን ቀየረ፣ የጋዝ ጣሳውን ጡሩምባ በጡጫ መታ።

«ጡሩምባው ነው!» አለ ላብ በላብ ሆኖ። «ይኼ ጣሳ ነው ያዋረደኝ! የድሮው ቢሆን...» አለና ምላሱን ነከሰ። ዘግይቷል። የጋበዛቸው ሁሉ «ታዲያ የድሮው ይምጣ!» ብለው ጮኹ።

ሽማግሎቹን ላከ። ይርጋነሽ በሯ ላይ ተቀበለቻቸው፤ ጋቢያቸውን ሳይቀር አራገፈችላቸው። «አባቶቼ፣ እናንተን ማሳፈር ነውር ነው። ግን መሐላዬን ታውቃላችሁ። ራሱ ይምጣ።»

መጣ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ነበር።

«ይርጋነሽ...»

«ምን ፈለግህ፣ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ?»

«ያን... ያን ነገር።»

«የቱን ነገር? ቤቴ ብዙ ነገር አለ። ሰም አለ፣ ክር አለ።»

«ጡሩምባውን።»

«የማንን?»

ሽማግሎቹን አየ፤ ሽማግሎቹ መሬት መሬት አዩ። «ጡሩምባሽን» አለ። «እባክሽ ስጪኝ።»

ይኸው! ይቺ ናት! ይርጋነሽ ዓይኗን ጨፈነች፤ ማር የላሰች ትመስል ነበር። ከዚያም፣ እንቢ ትላለች ብላችሁ ከጠበቃችሁ አላወቃችኋትም፤ «እሺ» አለች። «ግን ጡሩምባዬ ያለ እኔ ከቤት አይወጣም።» ጡሩምባውን ለእሱ አሸከመችው። የዋንዛ መቀመጫዋንና ሬዲዮኗን በነጠላዋ ሥር ይዛ ከኋላው ሄደች።

ቤቱ ገብታ ከሽማግሎቹ ጎን ተቀመጠች። ኃይለ ጊዮርጊስ የጣሳውን ነቅሎ የእሷን ተከለ። ጠመዘዘ። መርፌውን አሳረፈ።

«እብብብ...» አለ ወጠጤው። አሁን ግን ጡሩምባው ጥሩ ነው፤ እያንዳንዷ እብብታ ግድግዳውን አልፋ ገበያው ድረስ ተሰማች!

ሳቁን መጻፍ አልችልም። ሰው መሬት ላይ ተንከባለለ። አባ ገብረ ክርስቶስ ብቻ አልሳቁም፤ ዕድሜ ልካቸውን ከበሮ የመቱ ሰው ናቸው። ጭጋጉን አዩ፣ ብራናውን አዩ፣ ገባቸው። «ልጄ፣ ይኼ እኮ እሳት ቢሞቅ...» ሲሉ ይርጋነሽ ቀና ብላ አየቻቸው። ያን የጋቢ ውስጥ ሳቅ ሁለቱም አስታወሱ መሰለኝ። አባ ጠላቸውን አንስተው ረዥም ጎንጨት አደረጉ።

ይርጋነሽ ተነሣች። ጡሩምባዋን ነቅላ በዋንዛው ላይ ተከለች፣ ሬዲዮኑን ከተተች፣ ቁልፉን አዞረች። ከአዲስ አበባ አንዲት ዘፋኝ በክራር ታጅባ ገባች፤ አዎ፣ ገባች ነው የምለው፤ ከእንግዶቹ መሐል የቆመች ያህል ጥርት ብላ! ጓዳ ያሉት ወጡ። ሕፃኑ ልቅሶውን አቆመ። ኃይለ ጊዮርጊስ ከሳጥኑ አጠገብ እጁን ይዞ ቆመ። ዘፈኑ ሲግል፣ ሰዉ ትከሻውን ማንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ልክ እዚያ ላይ፣ ቋ! ዘጋችው።

«ምነው! ኧረ ምነው!» አሉ እንግዶቹ።

«የቀረው ቤቴ ነው ያለው» አለችና ጡሩምባዋን ታቅፋ ወጣች። አንዱ ተነሣ። ሌላው ተከተለ። ከዚያ ሁሉም፣ ዝናቡን ሳይፈሩ፣ እንደ ንብ መንጋ ከኋላዋ ጎረፉ። ኃይለ ጊዮርጊስ ከሳጥኑና ከአንድ እንስራ ጠላ ጋር ቀረ።

«ብራናው እንደሆነ ትነግሪዋለሽ?» ብዬ ቤቷ ስጠይቃት «መስከረም ሲጠባ ራሱ ይድናል። ሐምሌ ደግሞ በየዓመቱ ይመጣል» አለችኝ።

እናንተም እንዳትነግሩት! አሁን ግን ልሂድ፤ ጃንጥላዬ የት አለ? ያን ቀን ከበሩ ላይ «አንቺ ሞኝ» ያለቻት ሰብለ ወንጌል ወገቧን አሟት ከቤት ስላልወጣች እስካሁን አልሰማችም፤ ሌላ ሰው ቀድሞኝ ከነገራት እሞታለሁ።